ለዛፍ የታጠፈ አጥር

ሲሰሟቸው ብልህነት የሚመስሉ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ግን የስንፍና መሸፈኛ የሆኑ አባባሎች አሉን። «ጊዜው ነው» ከእነዚህ አንዷ ናት። ዛሬ ከዚች አባባል ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡ የተነሳው ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በቤዝቦል ስታዲየም የተነሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሺንግተን ዲሲ ሄጄ ሳለ ዘመድ ታሞ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኝቷል ተባለና ልንጠይቀው ሄድን። ይዞኝ የሄደው ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው የእናቴ የአጎት ልጅ ነው። በዚያ ከተማ ታክሲ መንዳት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የከተማዋን ጓዳ ጎድጓዳ ከተወላጆቹ በላይ ያውቃል። በሽተኛውን «እግዜር ይማርህ» ብለን፣ የያዝነውን ብርቱካን አስቀምጠን ስንወጣ ጋሼ በሩ ላይ ቆም አለና፦

«አንተ፣ የቆምክበትን ቦታ ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«ሆስፒታል ነዋ፣ ጋሼ!»

«ድሮ ስታዲየም ነበር። የቤዝቦል ስታዲየም። መቺው የሚቆምባት ቦታ እንኳ እዚሁ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎባታል።»

መኪና ውስጥ ገብተን ቤት እስክንደርስ ታሪኩን ተረከልኝ። ጥሩ ተራኪ ነው። ሲጨርስ ግን መሪውን መታ መታ አደረገና «መቼስ ምን ይደረግ፣ ጊዜው ነው! ያኔ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር» ብሎ ደመደመው። ጋሼን ስለማከብረው ፊት ለፊት አልተከራከርኩትም። ይኸው በጋዜጣ እከራከረዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ስታዲየሙ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቦታው ጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው፤ ዛሬ ሐበሻው ክትፎና ሽሮ ከሚሸጥበት ከናይንዝ ስትሪትና ከዩ ስትሪት በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሄዱ ይደርሱበታል። በፊት የእንጨት ሜዳ ነበረበት። በ1910 ፕሬዚዳንት ታፍት እዚያው ተገኝተው የመክፈቻዋን ኳስ ወረወሩ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የውድድር ዘመን ሲጀመር ኳስ የሚወረውሩበት ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። በማርች 1911 የእንጨቱን ሜዳ እሳት በላው። ውድድሩ ሊጀመር የቀሩት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በኮንክሪትና በብረት ሌላ ማቆም ጀመሩ፤ ሥራው ሳያልቅ በኤፕሪል ጨዋታው ተጀመረ። ስታዲየሙ በኋላ በቡድኑ ባለቤት በክላርክ ግሪፊዝ ስም «ግሪፊዝ ስታዲየም» ተባለ። ቡድኑ ደግሞ «ሴነተርስ» ይባል ነበር።

ቤዝቦል ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል። ኳሷ አጥሩን ዘልላ ከወጣች «ሆም ረን» ተብሎ መቺው አራቱን ማዕዘን እየተንጎራደደ ዞሮ ቤቱ ይገባል። ታዲያላችሁ ግሪፊዝ ስታዲየም ሆም ረን ለሚመኝ ሰው ክፉ ነበር። የግራው አጥር ለብዙ ዓመታት ከ120 ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። የቀኙ ቀረብ ቢልም ግድግዳው ወደ 9 ሜትር ከፍታ ነበረው።

ከሁሉ የሚገርመው የመሀሉ አጥር ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው ድንገት ወደ ሜዳው ውስጥ ይታጠፋል። ለምን መሰላችሁ? ከኋላው አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበሩ። የቤቶቹ ባለቤቶች አንሸጥም አሉ። ያ ሁሉ ኮንክሪትና ብረት፣ ያ ሁሉ የፕሬዚዳንት ወንበር፣ ለአምስት ቤትና ለአንድ ዛፍ ሲል መንገዱን ቀይሮ ታጠፈ። ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። እኛ አገር ስንት ቤትና ስንት ዛፍ ለስንት አጥር ሲል እንደጠፋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይህችን አጥር ግን በልባችሁ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስታዲየሙ ታላላቅ ቀኖች አይቷል። በኦክቶበር 1924 የዓመቱ ሻምፒዮን በሚለይበት በወርልድ ሲሪየስ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በ12ኛው ዙር፣ የተመታች ኳስ መሬት ነጥራ በተከላካዩ ራስ ላይ ዘለለችና ሴነተርስ አሸነፉ። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ እዚያው ነበሩ። አሸናፊው ኳስ ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰን የሚባል የዋህና ጨዋ ሰው ነበር። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ይህን ዋንጫ ያየችው ከ95 ዓመት በኋላ በ2019 ነው። ዱክ ኤሊንግተን፣ ታላቁ ሙዚቀኛ፣ ልጅ እያለ በዚያ ሜዳ ለውዝ እያዞረ ይሸጥ ነበር።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ነበር። ጃፓን ፐርል ሀርበርን መታች። በድምፅ ማጉያው ጄኔራል እገሌ፣ አድሚራል እገሌ፣ ወደ ቢሮዎ እየተባለ በስም ይጠራል። ምን እንደሆነ ግን ለሕዝቡ አልተነገረም። ጨዋታው ቀጠለ። ሰዉ አገሩ ጦርነት ውስጥ መግባቷን የሰማው ከሜዳው ሲወጣ ነው። ስታዲየም እንዲህ ነው፤ በውስጡ ጭብጨባው ስለሚበዛ ውጭ ያለው እውነት አይሰማም።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

ከ1940 አካባቢ ጀምሮ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል የጥቁሮች ቡድን በዚህ ሜዳ ይጫወት ነበር። መነሻቸው ፒትስበርግ አጠገብ ነው። ሴነተርስ ከከተማ ሲወጡ ሜዳውን ተከራይተው ይገባሉ፤ ኪራዩን የሚቀበለው ግሪፊዝ ነው። ከግሬይስ ተጫዋቾች አንዱ ጆሽ ጊብሰን ነበር። የተወለደው ስታዲየሙ በተሠራበት በ1911 ነው። በዚያ ሆም ረን በሚያስመኝ ሜዳ እሱ ኳሷን ከአጥር ውጭ ይሸኛት ነበር። በ2024 የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲደምር፣ በምት ብቃት ከዘመናት ሁሉ አንደኛ ሆኖ የተገኘው ይኸው ጊብሰን ነው፤ ከሺህ 372።

እስቲ 1945ን እንይ። ሴነተርስ በዚያ ዓመት ሙሉ በገዛ ሜዳቸው የመቱት ሆም ረን አንድ ብቻ ነው። አንድ! እሷም ከአጥር አልወጣችም፤ መቺው ኳሷ እስክትመለስ ሮጦ ነው የገባው። በውድድሩ መጨረሻ ከአንደኛው ከዲትሮይት በአንድ ጨዋታ ተኩል አንሰው ሁለተኛ ሆኑ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሣር ላይ፣ ጊብሰን ተከራይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ባክ ሌናርድ የሚባለው ሌላው ታላቅ መቺም ነበር። ጌታው የቤት ኪራይ የሚከፍሉትን ሁለት ሰዎች ወደ ሳሎን ቢያስገባ ኖሮ ዋንጫ ይበላ ነበር። አላስገባም። ተራበ፣ ግን አላስገባም። ጥላቻ ሆድ እንኳ የለውም፤ የራሱንም ጥቅም አያውቅም።

ሌናርድ በኋላ እንደተናገረው፣ ግሪፊዝ አንድ ቀን እሱንና ጊብሰንን ቢሮው ጠርቶ በትልቁ ሊግ መጫወት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። እንፈልጋለን አሉ። ከዚያ በኋላ ከግሪፊዝ የመጣ ነገር የለም። ጊብሰን በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል፣ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተሰልፎ የቀለሙን ግድግዳ አፈረሰ። ጊብሰን የተቀበረበት ቦታ እስከ 1975 ድረስ የስሙ ድንጋይ እንኳ አልነበረበትም።

እንግዲህ ጋሼ «ጊዜው ነው» ያለው ይህን ነው። እስቲ ይህን «ጊዜ» የሚሉትን ሰው ወደ ችሎት እናቅርበውና እንጠይቀው።

በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ሰፈር፣ ሳም ሌሲ የሚባል ጥቁር ጋዜጠኛ ነበር። ያደገው ስታዲየሙ አጠገብ ነው፤ ልጅ እያለ እዚያው ሠርቷል። በ1930ዎቹ ግሪፊዝ ዘንድ ገብቶ ጥቁሮቹን ለምን አታሰልፍም ብሎ ሞግቶታል። ሌሲ እንደተረከው መልሱ ጊዜው አልደረሰም፣ ደግሞም የጥቁሮቹ ሊግ ይፈርሳል የሚል ነበር። እዩልኝ፣ ለጥቁሮቹ ማዘኑን! ስለዚህ «ያኔ ሁሉም ሰው እንደዚያ ያስብ ነበር» ውሸት ነው። ሌሲ ሰው አይደለም? የሌሲ አባትስ? ዕድሜ ልካቸውን የሴነተርስ ደጋፊ ነበሩ። አንድ ቀን ተጫዋቾቹ በሰልፍ ሲያልፉ ባንዲራ እያውለበለቡ ሊያጨበጭቡ ቆመው ሳለ ከቡድኑ አንዱ ፊታቸው ላይ እንደተፋባቸው ልጃቸው ተርኳል። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ሜዳው አልረገጡም። እሳቸው በዚያ «ጊዜ» ውስጥ አልነበሩም? «ሁሉም ሰው» ስንል የተተፋበትን ሰው ከቁጥር አውጥተን ነው።

ግሪፊዝ የውጭ ሰው የሚፈራ፣ ዓይኑን ገልጦ ያላየ ሰው ነው እንዳይባል ደግሞ፣ በ1911 ሲንሲናቲን ሲያሰለጥን ሁለት ኩባውያን አሰልፏል። በ1930ዎቹና 40ዎቹም መልማይ ኩባ ድረስ ልኮ በርካሽ ተጫዋች ያስመጣ ነበር፣ ቆዳው ነጣ ይበል እንጂ። ባሕር ተሻግሮ ሰው መፈለግ ከቻለ ግቢው ውስጥ ያለውን ማየት እንዴት አቃተው?

እሺ፣ «ጊዜው» በ1947 ተለወጠ እንበል። ሮቢንሰን ገባ። በዚያው ዓመት በጁላይ ላሪ ዶቢ ለክሊቭላንድ ገባ፤ ክሊቭላንድ ደግሞ ሴነተርስ በሚጫወቱበት በዚያው ሊግ ውስጥ ነው። ግሪፊዝስ? እስከ ሴፕቴምበር 1954 ጠበቀ። ሰባት ዓመት! የመጣውም ካርሎስ ፓውላ የሚባል ኩባዊ ነው። የሰፈሩ ልጅ አሁንም ውጭ ቆሞ ነበር። በዚያው ስታዲየም እስከ 1960 ይጫወት የነበረው የፉትቦሉ ቡድን ደግሞ የባሰ ነው። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1962 ነው፤ ያውም ወዶ አይደለም። አዲሱ ስታዲየም በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቱዋርት ዩዳል በ1961 ወይ ትቀጥራለህ ወይ አትጫወትባትም ስላሉት ነው። አያችሁ? ጊዜ በራሱ እግር አልመጣም። ጎትተው ነው ያመጡት።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የዚያ ሜዳ ታሪክ የውርደት ብቻ አይደለም። ጥቁሮች በቀኝ በኩል ባለው መደዳ እንዲቀመጡ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም፤ ልማድ ብቻ ነበር፤ ልማድ ደግሞ ከሕግ ይከፋል፣ የሚሻር ወረቀት የለውማ። ግሬይስ ሲጫወቱ ግን ሜዳው የእነሱ ነበር። በ1942 አንድ ምሽት ከ20 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ተመልክቷቸዋል። ቡድኑ የጥቁሮቹን ወርልድ ሲሪየስ በ1943፣ በ1944 እና በ1948 በልቷል። አንድ ሰባኪም እዚያው ሜዳ ላይ የጅምላ ጥምቀት ያካሂድ ነበር። ሰው ኪራይ በከፈለበት ቦታም ቢሆን ደስታውን ያበስላል። ስታዲየሙን የሚናፍቁ ሽማግሌዎችን የማልነቅፈው ለዚህ ነው። የምነቅፈው ደስታውን እየተረኩ ተራውን የሚዘልሉትን ነው።

ግሪፊዝ በ1955 ሞተና የወንድም ልጅ ያህል ያሳደገው ካልቪን ወረሰ። ካልቪን ከ1960 ውድድር በኋላ ቡድኑን ጠቅልሎ ሚኔሶታ ገባ። ለምን እንደሄደ በ1978 ሚኔሶታ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ራሱ ተናገረው፤ እዚያ ያሉት ጥቁሮች ጥቂት መሆናቸውን ስላወቀ ነው። ጥቁሮች ጨዋታ አያዩም ብሎም ጨመረበት። የአሳዳጊው ስታዲየም በግሬይስ ተመልካች ኪራይ ሲበላ እንዳልኖረ! ቡድኑ ለካልቪን ሐውልት አቁሞለት ነበር፤ በጁን 2020 በዚሁ ንግግሩ ምክንያት አነሳው። በዋሺንግተኑ አዲስ ስታዲየም በር ላይ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የዋልተር ጆንሰንና የጆሽ ጊብሰን ሐውልት አንድ ላይ ቆሟል። በሕይወት ሳሉ አንድ ሜዳ የከለከሏቸውን ናስ አድርገው ጎን ለጎን አቆሟቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

አሮጌው ስታዲየም የፈረሰው በ1965 ነው። በ1975 በቦታው የሀዋርድ ሆስፒታል ተከፈተ። ይህ ሆስፒታል በ1862 ነጻ ለወጡ ባሮች የተቋቋመው የፍሪድመንስ ሆስፒታል ወራሽ ነው። ስለዚህ ለኮንክሪቱ አላለቅስም። ጊብሰን በደሞዝ እንዳይቆምባት የተከለከለችው ቦታ ዛሬ የጥቁሮች ተቋም ውስጥ ናት። ዶክተር መላኩ በያን፣ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ጥቁር አሜሪካውያንን ያንቀሳቀሱት፣ በ1935 ሕክምና የተመረቁት ከሀዋርድ ነው። ሲያጠኑ የሜዳው ጩኸት ጆሯቸው ሳይገባ አልቀረም።

1965ን ግን አትርሷት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንት ጆንሰን አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ለአውሮፓ ያደላው የድሮ ኮታ ቀረ። ያ ሕግ የሲቪል መብት ትግሉ ዘመን ልጅ ነው። እኛ በብዛት የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1990 በወጣ ሕግ የመጣችው ዲቪም የዚያ በር ልጅ ናት። እናስ? እናማ፣ አንዳንዱ ወገኔ ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሬስቶራንቱ ውስጥ ቡና እየጠጣ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን «ሰነፎች፣ አገራቸው ላይ መሥራት ያቃታቸው» ሲል ስሰማ የሌሲ አባት ፊት ትዝ ይለኛል። በ2005 የናይንዝ ስትሪት ክፍል በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ጥያቄ ተነስቶ ከሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃውሞ ሲገጥመው ብዙዎቻችን «ቅናት ነው» አልን። ቅናት አልነበረም። ሰዎቹ ተከራይተው የኖሩበትን፣ የተተፋባቸውን፣ ዘፍነው ያደመቁትን ሰፈር ስም እየጠበቁ ነበር። እኛ ደግሞ ገብተን ወንበር ስንስብ ማን አሞቀው ብለን አልጠየቅንም።

ወደ አገር ቤትም ልምጣ፤ አለዚያ በሰው አገር ኃጢአት መመጻደቅ ይሆንብኛል። አያቶቻችን ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ አርሰው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ ጋግረው፣ ሸማኔው የሠራውን ጋቢ ለብሰው፣ ከእነሱ ጋር ግን ማዕድ አይቀርቡም፣ አይጋቡም፣ ጭራሽ «ቡዳ» ይሏቸው ነበር። ይህ ኪራዩን ተቀብሎ ሰውየውን ከሳሎን ከማስቀረት በምን ይለያል? ዛሬም ወጡን የሠራችልን የቤት ሠራተኛ ሁላችን በልተን ከተነሳን በኋላ ጓዳ ቁጭ ብላ የተረፈውን የምትበላበት ቤት ስንት ነው? ጠይቁ እስቲ፤ መልሱ አንድ ነው፦ «ምን ይደረግ፣ ልማዱ ነው። ጊዜው ነው።» የልጅ ልጆቻችንም አንድ ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ስለ እኛ ይህንኑ ይሉልናል። ጋሼ ለግሪፊዝ እንዳለለት።

እኔ ግን እንዲሉልኝ አልፈልግም። «ጊዜው ነው» ለሟቹ ይቅርታ ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ለሕያው ነው። ያኔ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር ካልን፣ ዛሬም እኛ ልናውቅ አንችልም ማለት ነው፤ ካላወቅን ደግሞ አንጠየቅም። በጣም ምቹ ፍራሽ ናት።

ለዚህ ነው ያችን አጥር በልባችሁ ያዙ ያልኳችሁ። ጊዜ አይታጠፍም፣ ዘመን ግትር ነው ለሚለኝ ሰው የማሳየው እሷን ነው። ለአምስት ቤትና ለአንድ ዛፍ ስትል የታጠፈች አጥር ለአንድ ሰው መታጠፍ ትችል ነበር። ዛፉ ከሰውየው የተሻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤቱ ባለቤት እምቢ ብሎለታል።

ጋሼን ባለፈው ሰሞን ደወልኩለት። ይህን ልጽፍ ነው ስለው ትንሽ ዝም አለና «ጻፈው። ግን እኔም በዚያ ጎዳና ስመላለስ ስንቴ በረዶ ላይ ቆመው እጃቸውን አንስተው አይቼ እንዳላየሁ እንዳለፍኩ ጨምርበት» አለኝ።

ጨመርኩት። ከአንድ ሺህ «ጊዜው ነው» ይቺ ትበልጣለች።